ባሊ፣ ጃቫ፣ ሎምቦክ ወይስ ፍሎሬስ? የኢንዶኔዥያን መንደር ከመምረጣችሁ በፊት

ስለ ኢንዶኔዥያ ገጠር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መልኩ ነው። እርከን እርከን የተሠራ የሩዝ ማሳ፣ የጠዋት ጭጋግ፣ ከጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመ እሳተ ገሞራ። እውነት ነው፣ ያምራል። ችግሩ ሁሉም መንደር ማማሩ ነው፤ በውበት ብቻ መምረጥ አይቻልም። የሚለያቸው ሌላ ነው። ሌሊት ብታመም ማን ያነሳኛል? ዛሬ የከፈልኩበት ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ የማን ነው? ተራራው ቢያጉረመርም ወዴት ነው የምሮጠው? እኔ መንደር የምመዝነው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ሦስቱም ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ፤ መንደሩ ያውቃችኋል ወይስ አያውቃችሁም?

ለማነጻጸር ከአራት ደሴቶች አራት መንደር ወስጃለሁ። ከባሊ ጃቲሉዊህ፣ ከጃቫ ንግላንጌራን፣ ከሎምቦክ ቴቴባቱ፣ ከፍሎሬስ ዋኤ ሬቦ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መንደሩ እንዴት ይተዳደራል?

መንደር በአገሬው ቋንቋ ‹ደሳ› ነው። በ2014 የወጣው የመንደር ሕግ ለደሳው ትልቅ ጉልበት ሰጥቶታል። ከ2015 ጀምሮ ማዕከላዊው መንግሥት በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ደሳ በጀት ይመድባል። መሪው፣ ‹ኬፓላ ደሳ› የሚሉት፣ በነዋሪው ድምፅ ይመረጣል። ስለዚህ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ከእሱ በታች ጥቂት ጎረቤቶችን የሚያሰባስብ ‹ኤርቴ› የሚባል አደረጃጀት አለ። በብዙ መንደር መግቢያ ላይ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያመለክት የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ባለቤቱ የፓስፖርታችሁን ቅጂ ሲጠይቅ ቅር አይበላችሁ። ያ ወረቀት ነው መንደሩ እንዲያውቃችሁ የሚያደርገው።

የሌሊት ጥበቃው ስም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እኛ ‹ሮንድ› የምንለውን እነሱ ‹ሮንዳ› ይሉታል። ወንዶቹ በተራ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። አጠገባቸው ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የተፈለፈለ ‹ኬንቶንጋን› ይሰቀላል። ሌባ ሲመጣ፣ እሳት ሲነሳ ወይም ጎርፍ ሲመጣ እሱ ይመታል። ‹ጎቶንግ ሮዮንግ› ደግሞ ያው የእኛ ደቦ ነው። መንገድ ሲጠረግ ወይም ቦይ ሲጸዳ የሚኖርበት ሁሉ ይወጣል። ተከራይም ቢሆን አካፋ ይዞ ብቅ ሲል ሰው ያየዋል፤ አይረሳውምም።

በባሊ ሌላ ተጨማሪ አለ፤ ‹ባንጃር›። እድርን የምታውቁ ወዲያው ይገባችኋል። ሰው ሲሞት፣ ሲያገባ፣ ቤተ መቅደስ ሲከበር የሚንቀሳቀሰው ባንጃሩ ነው። ‹አዊግ-አዊግ› የሚባል የራሱ ደንብ አለው። ዳማ ዳማ ጨርቅ የታጠቁ ‹ፔቻላንግ› የሚባሉ ጠባቂዎችም አሉት። ከባንጃሩ ጋር የተጣላ ሰው ምንም ያህል ወረቀት ቢኖረው ሰላም አያገኝም።

ጃቲሉዊህ፦ ውሃው የጋራ የሆነበት

ጃቲሉዊህ በታባናን አውራጃ፣ በባቱካሩ ተራራ ሥር ያለ መንደር ነው። ከ600 ሄክታር በላይ እርከን የሩዝ ማሳ አለው። ውሃውን የሚያከፋፍለው ‹ሱባክ› የሚባለው የገበሬዎች ማኅበር ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዩኔስኮ በ2012 የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ላይኛው ገበሬ ውሃውን ለራሱ ቢያስቀር ታችኛው ይደርቃል። ስለዚህ መቼ እንደሚዘራ፣ መቼ ውሃ እንደሚለቀቅ የሚወሰነው በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ተሰብስቦ ነው።

ይህ ለጎብኚ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ቤት ለሚመኝ ግን ማስጠንቀቂያም ነው። ያ ፎቶ ያነሳችሁበት ማሳ የተጠበቀ መሬት ነው። ‹እዚህ መሀል ላይ ቪላ እንሠራለን› የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ለአደጋ ስጋት ጃቲሉዊህ ከምሥራቅ ባሊ ይሻላል። ሲደመን የሚባለው ውብ ሸለቆ ከአጉንግ ተራራ ሥር ነው። አጉንግ በ1963 ፈንድቶ ከ1,000 ሰው በላይ ገድሏል። በ2017 እንደገና ሲነሳ ከ100,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ የባሊ አውሮፕላን ማረፊያም ተዘግቷል። ባቱካሩ ግን የተኛ ተራራ ነው።

ባሊ ከአራቱ ደሴቶች ሁሉ የውጭ ጎብኚ የሚበዛባት ናት። ከየካቲት 14 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ወደ ደሴቲቱ ሲገባ በአገሩ ገንዘብ 150,000 ሩፒያ ይከፍላል። በ‹ኝየፒ› ቀን፣ በዓመት አንዴ፣ ለ24 ሰዓት ደሴቲቱ ጸጥ ትላለች። አውሮፕላን አይነሳም፤ መብራት አይበራም፤ እንግዳም ቢሆን ከግቢው አይወጣም። ጉዞ ስታቅዱ ቀኑን ቀድማችሁ እዩት።

ንግላንጌራን፦ በወጣቶች የተሠራ መንደር

ከአራቱ እኔ ልቤ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው፤ አልደብቅም።

ንግላንጌራን ከዮግያካርታ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በጉኑንግኪዱል አውራጃ ውስጥ ይገኛል። የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት የሆኑ ጥቁር ዓለቶች ከመንደሩ በላይ ቆመዋል። የመንደሩ ወጣቶች የተራቆተውን ኮረብታ በዛፍ ሸፈኑት። ቀጥሎ ጎብኚ መቀበል ጀመሩ። ካካዎ ያመርታሉ፤ ቸኮሌቱን ራሳቸው ይሠራሉ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆነ። አካባቢው በ2015 በዩኔስኮ ጂኦፓርክነት፣ ማለትም በመሬት አፈጣጠሩ ልዩነት፣ የተመዘገበው የጉኑንግ ሴዉ አካል ነው። እንግዳ የሚያድረው በነዋሪው ቤት ነው። ከባለቤቶቹ ጋር ትበላላችሁ፤ ጠዋት ዶሮው ይቀሰቅሳችኋል።

የጃቫ ሰው ድምፁን አያነሳም። ቋንቋቸው ልክ እንደ አማርኛው አንተና እርስዎ ደረጃ አለው፤ እንዲያውም የእነሱ ይብሳል። ለታላቅ ሲናገሩ ቃሉ ራሱ ይቀየራል። ‹አይሆንም› በግልጽ አይባልም፤ ‹እስቲ እናያለን› ሲሏችሁ አይሆንም ማለት ሊሆን ይችላል። በይሉኝታ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይለምደዋል።

ጉድለቱ ውሃ ነው። ጉኑንግኪዱል የኖራ ድንጋይ አገር ስለሆነ ዝናቡ ሰርጎ ይጠፋል። በደረቁ ወራት ብዙ መንደር ውሃ በቦቴ ይገዛል። ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ‹በመስከረም ውሃው ከየት ይመጣል?› ይሁን። ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ግንቦት 27 ቀን 2006 ዮግያካርታ አካባቢ የደረሰው ከ5,700 ሰው በላይ ገድሏል። የሞቱት በአብዛኛው በቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ ብረት ያልገባበት የጡብ ግድግዳ ወደቀባቸው። የእንጨት ቤት ወይም በደንብ የታሰረ ኮንክሪት ከተገኘ ትንሽ ውድ ቢሆንም ያዋጣል። ሜራፒ የሚባለው እሳተ ገሞራ በ2010 ከ350 ሰው በላይ ጨርሷል፤ ንግላንጌራን ግን ከእሱ ራቅ ያለ ነው።

ቴቴባቱ፦ ጸጥታና የአዛን ድምፅ

ቴቴባቱ በሎምቦክ፣ ከ3,726 ሜትሩ ሪንጃኒ ተራራ በስተ ደቡብ ያለ የሳሳክ ሕዝብ መንደር ነው። ሩዝ፣ ትምባሆ፣ ፏፏቴ፣ ጥቁር ዝንጀሮ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2021 ከንግላንጌራንና ከዋኤ ሬቦ ጋር ለዚያው የምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ምርጫ አቅርቦት ነበር። ከባሊ ጋር ሲነጻጸር ኑሮው ርካሽ ነው፤ ሰዉም ቀለል ያለ።

ሎምቦክን ‹የሺህ መስጊዶች ደሴት› ይሏታል። አዛኑ ከብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከንጋት በፊት ትነቃላችሁ። ለሙስሊም አንባቢ ይህ ከአራቱ በጣም የሚመች ነው። ለሌላውም ችግር የለውም፤ ትከሻና ጉልበትን ሸፈን ማድረግ፣ በረመዳን ቀን በአደባባይ አለመብላት ይበቃል።

በ2018 ሐምሌና ነሐሴ ሎምቦክ ተደጋግማ ተናወጠች። ነሐሴ 5 የደረሰው በመለኪያው 6.9 ነበር፤ ከ500 ሰው በላይ ሞተ። ከሁሉ የተጎዳው ሰሜኑ ነው። እንግዳ ማረፊያ ስትመርጡ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ፤ ሰዎቹ ሳይደብቁ ይነግሯችኋል።

ዋኤ ሬቦ፦ እንግዳ መሆን ብቻ የሚቻልበት

የጎጆ ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ ዋኤ ሬቦ ሲደርስ ደንገጥ ይላል። ሰባት ግዙፍ ክብ ቤቶች፣ ጣሪያቸው እስከ መሬት የወረደ፣ በተራራ መሀል ክብ ሠርተው ቆመዋል። ‹ምባሩ ኒያንግ› ይባላሉ። ውስጣቸው አምስት ወለል አለው። ከታች ሰው ይኖራል፤ ከላይ እህልና ዘር ይቀመጣል፤ ጫፉ ላይ ለአያቶች የሚሰጥ መባ አለ። የቤቶቹ እድሳት በ2012 ከዩኔስኮ የእስያ ፓስፊክ የቅርስ ሽልማት አግኝቷል።

መኪና አይገባም። በፍሎሬስ ካለችው ከላቡአን ባጆ ከተማ ግማሽ ቀን ያህል ተነድቶ፣ ከዚያ በእግር ተራራ ይወጣል። ስትደርሱ ካሜራ አታውጡ። መጀመሪያ ወደ ዋናው ቤት ትገባላችሁ፤ ሽማግሌው ስለ እናንተ ለአያቶች ይናገራል። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሳትሆኑ ልጅ ናችሁ። ምሽት ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይተኛል። የሚቀርበው ቡና ከመንደሩ ማሳ የተለቀመ ነው። ቡና ከእኛ አገር ወደ የመን፣ ከየመን በሕንድ በኩል በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቾች እጅ ወደ ጃቫ መጓዙን አስባችሁ ስትጠጡት ስሜቱ ይለያል።

ለመኖር ግን ዋኤ ሬቦን አልመክርም። የስልክ ኔትወርክ ላይ መተማመን አይቻልም። ሆስፒታል ያለው ሩቴንግ ከተማ ነው። ልጆቹ እንኳ ለትምህርት ወደ ታችኛው መንደር ይወርዳሉ። መሬቱም አይሸጥም። በአካባቢው ሕዝብ በማንጋራይ ባህል የጋራ እርሻ ‹ሊንግኮ› ይባላል፤ ከመሀል ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ይከፋፈላል። ክፍፍሉን የሚመራው ‹ቱኣ ቴኖ› የሚባለው ሽማግሌ ነው። የዘር ሐረግ ከሌላችሁ ድርሻ የላችሁም። ሁለት ሌሊት ማደር ግን ዕድሜ ልክ ይታወሳል።

መሬትና ቤት፦ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ነው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

የ1960ው የመሬት ሕግ ቁጥር 5 አያሻማም። ሙሉ ባለቤትነት፣ ‹ሃክ ሚሊክ› የሚባለው፣ በግለሰብ ደረጃ ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው። በአንቀጽ 26 መሠረት የውጭ ሰውን በቀጥታም ሆነ በዘወርዋራ መንገድ ባለቤት ለማድረግ የተደረገ ውል ፈራሽ ነው። መሬቱ ለመንግሥት ይገባል። የከፈላችሁትንም መልሱልኝ ማለት አትችሉም።

ይህን እያወቁ ብዙዎች ‹በጓደኛ ስም ይጻፍና የጎን ውል እንፈራረማለን› ይላሉ። አታድርጉት። ጓደኛው ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ይሞታል፤ ይፋታል፤ ይበደራል። ልጆቹና ባንኩ እናንተን አያውቋችሁም።

የሚሠራው መንገድ አራት ነው። ቀላሉ ኪራይ ነው። ለረጅም ጊዜ ኪራይ 20 ወይም 25 ዓመት የተለመደ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሙሉው ገንዘብ በቅድሚያ ይከፈላል። ሊዝ የሚለውን ቃል ለምደነዋል፤ አገራችንም መሬት የሚሸጥባት ስላልሆነች ሐሳቡ አይከብደንም። ወጥመዱ ማራዘሚያው ላይ ነው። ‹ጊዜው ሲደርስ እንነጋገራለን› የሚል ውል ከሆነ፣ ጊዜው ሲደርስ ቤቱን የሠራችሁት እናንተ፣ ዋጋውን የሚናገረው እሱ ይሆናል። የማራዘሚያው ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ ዛሬውኑ ይጻፍ። ወራሾች ካሉ እነሱም ይፈርሙ።

ሁለተኛው ‹ሃክ ፓካይ›፣ የመጠቀም መብት ነው። በ2021 በወጣው ደንብ ቁጥር 18 መሠረት 30 ዓመት፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ እንደገና 30 ይሰጣል። ግን ሕጋዊ የመኖሪያ ሰነድ ይጠይቃል። ለውጭ ሰው ቤት ዝቅተኛ ዋጋም ተወስኗል፤ በባሊ 5 ቢሊዮን ሩፒያ ነው። ትንሽ የገጠር ቤት ለሚፈልግ ይህ አይሆንም። ሦስተኛው የውጭ ኩባንያ ማቋቋም ነው። የኢንቨስትመንት ዕቅዱ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ መሆን አለበት። ሆቴል ለሚከፍት ካልሆነ አይታሰብም። አራተኛው ትዳር ነው። ከዜጋ ጋር የተጋባ ሰው የንብረት መለያየት ውል ከሌለው ዜጋው ራሱ መብቱን ሊያጣ ይችላል። በ2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይህ ውል ከጋብቻ በኋላም መፈረም እንዲችል ፈቅዷል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በገጠር ‹ጊሪክ› ወይም ‹ሌተር ሴ› የሚባል አሮጌ ሰነድ ያሳዩአችኋል። ያ የድሮ የግብር ማስረጃ ነው፤ የባለቤትነት ካርታ አይደለም። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን በመሬት ቢሮው፣ በ‹ቤፔኤን› በኩል ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። የመሬቱን ዞንም እዩ፤ አረንጓዴ ከሆነ ቤት አይሠራበትም። በመንደሩ የጋራ መሬት ላይም ተጠንቀቁ። በ2023 በዮግያካርታ አካባቢ በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ቤት የሠራ አልሚ እስር ተፈርዶበታል። የመንደር መሪም ሳይቀር ተከሷል። ገንዘባቸውን የከፈሉ ሰዎች ግን ደጅ ላይ ቀሩ።

ደኅንነት፦ የሚፈራውና የሚጎዳው

ሰው የሚፈራው እሳተ ገሞራውን ነው። በየቀኑ የሚጎዳው ግን ሞተር ሳይክል ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ዝናቡ ድንገተኛ። ለሞተር የሚሆን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ አደጋውን ላይሸፍን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሆስፒታሉ ሒሳብ በእናንተ ላይ ነው።

ውሻ ሁለተኛው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ፍሎሬስ የገባው በ1997፣ ባሊ በ2008 ነው፤ ዛሬም አለ። ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ለክትባት ሂዱ። ‹የጎረቤት ውሻ ነው፣ ጤነኛ ነው› የሚለውን አትስሙ። ደንጊ በአራቱም ደሴቶች አለ፤ ወባ ደግሞ በፍሎሬስ።

ሦስተኛው ‹አራክ› ነው። ስሙም ነገሩም ከእኛ አረቄ ጋር ዘመድ ነው። በ2009 በባሊና በሎምቦክ ሜታኖል የገባበት አራክ ከሃያ በላይ ሰው ገድሏል። ከየት እንደመጣ የማታውቁትን አትጠጡ።

ከባድ ስርቆትና ግፍ በእነዚህ መንደሮች የዕለት ስጋት አይደለም። ሴት ብቻዋን ስትጓዝ ግን ከቤተሰብ ጋር ማረፍ ከሩቅ ቪላ ይሻላል። ቪላው አጥር አለው። የቤተሰቡ ቤት ግን ሲመሽባችሁ ‹የት ደረሰች?› ብላ የምትጠይቅ እናት አለው። እኔ ከአጥሩ ይልቅ እናቲቱን አምናለሁ።

ታዲያ የትኛው ለማን?

ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁ ንግላንጌራን ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ በፍሎሬስ በኩል ዋኤ ሬቦ ሁለት ሌሊት። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደረቅ ስለሆነ የተራራው መንገድ ያኔ ይመቻል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ጃቲሉዊህ፤ ሆስፒታል በቅርብ ይገኛል፤ እንግሊዝኛ የሚናገርም አይጠፋም። በኢንተርኔት ሥራ እየሠራችሁ ሁለት ወር በጸጥታ መቀመጥ ከፈለጋችሁ ቴቴባቱ፤ ለሥራው የሚፈቅድ ቪዛ ግን ይኑራችሁ። ለዓመታት የምታስቡ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ዓመት ተከራዩ። አንድ ክረምት፣ አንድ የድርቅ ወቅት፣ አንድ በዓል፣ አንድ ለቅሶ ሳታዩ ረጅም ውል አትፈርሙ።

ጾመኞች እዚህ አይራቡም። ቴምፔና ቶፉ፣ ሁለቱም ከአኩሪ አተር የሚሠሩ፣ በየሱቁ አሉ። ግን ‹ሳምባል› የሚሉት ዳጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ‹ተራሲ› የሚባል የሽሪምፕ ድቃቂ አለበት። ‹ታንፓ ተራሲ› በሉ፤ ያለ ተራሲ ማለት ነው።

ቪዛ የሚወሰነው በፓስፖርታችሁ ነው። የአሜሪካና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያላቸው ሲደርሱ በ500,000 ሩፒያ የ30 ቀን ቪዛ ያገኛሉ፤ አንዴ ይራዘማል። ኢንዶኔዥያ ከእስራኤል ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስለሌላት በእስራኤል ፓስፖርት ይህ አይሠራም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ፣ ዱባይም ሆነ ሪያድ ብትኖሩ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛውን ጨርሱ። ጥሬ ሩፒያም ያዙ፤ ከአራቱ መንደሮች በዋኤ ሬቦ ባንክ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ በሌሎቹም ቢሆን ማሽኑ ያለው ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።